አርጅቶ የደከመ ውሻ፦ ጎንደር ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም ይገኛል?

የማራኪ ልጅ፦

ሰላም የከተማዬ ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መከታ የሚባል ውሻ አለን። የሐበሻ ውሻ ነው፤ ቡላ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት። አባዬ ገና አስተማሪ እያለ ከአዘዞ በጆንያ ይዞት የመጣ ቡችላ ነበር። አሁን አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። አባዬም ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በር ላይ ይቀበለው የነበረው መከታ ነው። እኛማ እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነን።

ከክረምት ወዲህ የኋላ እግሮቹ ከዱት። መጀመሪያ ሲነሳ ይንገዳገድ ነበር። አሁን ሰው ካልደገፈው ጭራሽ አይነሳም። በተኛበት ይሸናል። ዳሌው ላይ ቆስሏል። ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፤ ምግብ ግን አሽትቶ ይተወዋል። ሌሊት ያቃስታል። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ። እማዬ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ሳሎን ውሻ አይገባም ብላ ማድቤት አስገብታዋለች። ለእሷ ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

ክሊኒክ ወስደነው ነበር። የመጀመሪያው ባለባጃጅ «ውሻ አልጭንም» ብሎ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛው እጥፍ አስከፈለን። እዚያ ደርሰን ከአንድ በሬ ኋላ ተሰልፈን ጠበቅን። በሬው ባገሳ ቁጥር መከታ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። «እርጅና ነው፤ ኩላሊቱም ሳይደክም አይቀርም» አለንና አንድ መርፌ ወጋው። ትንሽ ተሻለው፤ ከዚያ ተመልሶ ያው ሆነ። ድጋሚ በባጃጅ ላንገላታው አልፈልግም።

አሁን ቤቱ ተከፋፍሏል። እማዬ «ነፍስ የሰጠው ራሱ ይውሰዳት» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ለጥምቀት ስለሚመጣ «ሳልደርስ እንዳትነኩት» ይላል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ሥጋ ውስጥ የሚጨመር ነገር እንዳለውና በአንድ ሌሊት እንደሚገላግለን ነገረኝ። ለደግ አስቦ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አልለውም። አባዬ ምንም አይልም። በርጩማ ይዞ ማድቤት ይገባና አጠገቡ ይቀመጣል። መከታም የአባዬን ድምፅ ሲሰማ ጭራውን መሬቱ ላይ መታ መታ ያደርጋል። እኔን ግራ ያጋባኝ ይሄ ጭራ ነው። ጭራውን እየቆላ እንዴት ተብሎ ይወሰንበታል?

ውጭ ሀገር ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ያስታምማል፣ ጊዜው ሲደርስም እዚያው በሰላም ያሳርፋል ይባላል። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚሠራ አለ? እንስሳውን ያመዋል? እስከዚያስ ምን እናድርግለት? ግቢያችንም ጠባብ ነው፤ የት ይቀበራል? የምታውቁ ንገሩኝ። «ለውሻ ይሄን ያህል?» የምትሉ እለፉኝ፤ ይህን እዚሁ ቤቴ ሆኜ ጠግቤዋለሁ።

ታዛቢው፦

ለውሻ ይሄን ያህል? አይ ጊዜ! ሰው ለራሱ ሐኪም ለማግኘት ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ እናንተ ለውሻ ቤት ድረስ ይምጣልን ትላላችሁ። ቅንጦት ነው።

ሳሙና በር፦

እለፉኝ ብላ ነበር እኮ። የከብት ሐኪም የአንተን ወረፋ አይዝም። ደግሞ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እያልን የምንተርተው እኛው ነን። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጮህላቸው ያደረን ውሻ አንድ ቀን ሐኪም ቢጠሩለት ምን ይጎድልብሃል?

የላም ሐኪም፦

እህቴ፣ አጭሩ መልስ አለ ነው። ታፔላ ግን የለውም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስሜ እንደሚለው ውሎዬ ከላም ጋር ነው። አዘዞና ወለቃ በኩል የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ይደውላሉ፣ ሳጥኔን ሞተሩ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። ላም በባጃጅ አትመጣም። ስለዚህ ቤት ለቤት መሄድ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ለውሻ ብሎ የሚጠራን ሰው ነው። የተማርነውም በአብዛኛው ስለ ከብት፣ ስለ በግና ፍየል፣ ስለ ዶሮ ነው። ያረጀ ውሻ አጠገብ ለተቀመጠ አባት ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረንም። ያን የተማርኩት ከባለቤቶቹ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ ስላለው እዚያ ጠይቂ። የግል ክሊኒኮችንም ጠይቂ። የፊተኛው ሐኪም ጥሩ ሰው ነበር ካልሽ እሱንም መልሰሽ ደውዪለት፤ ውሻውን ያውቀዋል። ዋናው ግን ማንም ይምጣ ማን፣ ከመምጣቱ በፊት በስልክ የምትጠይቂው ነገር ነው። «መጀመሪያ ማደንዘዣ ትሰጣለህ? ሁለተኛውን በደም ሥር ነው የምትሰጠው? መድኃኒቱ ምንድን ነው?» በዪው። «አይ፣ አንድ መርፌ ይበቃዋል» ካለሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። ዋጋውንም ያኔውኑ ተነጋገሩ። ውሻው ከሞተ በኋላ በረንዳ ላይ ቆሞ ስለ ብር መከራከር ለሁላችሁም አስቀያሚ ነው።

ያማል ወይ ላልሽው፣ በትክክል ከተሠራ የሚያመው የመጀመሪያዋ መርፌ ብቻ ናት። ክትባት እንደመወጋት ማለት ነው። እሷ ጡንቻ ላይ የምትሰጥ ማደንዘዣ ናት። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚህ ጊዜ አባትሽ ጭንቅላቱን እግራቸው ላይ አድርገው ሊያሻሹት ይችላሉ። እኔ ይህን ጊዜ አላጣድፈውም። ውጭ ወጥቼ ቡና ካለ ቡና እጠጣለሁ። ከዚያ የፊት እግሩን ጠጉር በትንሹ ላጭቼ ደም ሥሩን አገኛለሁ። የሚሰጠው ፔንቶባርቢታል የሚባል ነው። ማደንዘዣ ነው፤ መጠኑ ግን ከማደንዘዣ ያለፈ ነው። አንጎሉ መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ ልቡ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እኛ ጋ ፔንቶባርቢታል በተፈለገ ጊዜ ሁሉ አይገኝም። በማይገኝበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተደነዘዘ በኋላ ልብ የሚያቆም ሌላ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ይሄኛው ነቅቶ ላለ እንስሳ በፍጹም አይሰጥም። ስለ ማደንዘዣው ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የምታዩትን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዓይኑ አይከደንም። ሽንት ይለቀዋል፤ ከስሩ ጨርቅ አንጥፉ። አንዳንዴ ልቡ ከቆመ በኋላ እንኳ አንድ ሁለቴ አየር ይስባል፣ ጡንቻውም ይንዘፈዘፋል። እዚህ ላይ «አልሞተም! አልሞተም!» ብሎ የሚጮህ ሰው አይጠፋም። ሞቷል። ሐኪሙ በማዳመጫው ልቡን ሰምቶ ያረጋግጥላችኋል፤ ካላረጋገጠ አረጋግጥ በዪው።

ስለ ጎረቤትሽ ሥጋ። ያ ነገር ብዙ ጊዜ ስትሪክኒን ነው። በሀገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመጨረስ ሲሠራበት ኖሯል። ስትሪክኒን አያስተኛም። ጡንቻው ሁሉ ተወጥሮ እየተንፈራገጠ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ፣ አእምሮው ንቁ ሆኖ ነው የሚሞተው። መገላገል ከተባለ ማን ነው የተገላገለው? ከዚያም የተረፈውን ሥጋ የሰው ዶሮ ወይም የሌላ ሰው ውሻ ያገኘዋል። ሰላም አልለውም ያልሽውን አልፈርድብሽም።

አሁን ወደ ጭራው ልምጣ። ጭራ መቁላት ሕመም የለም ማለት አይደለም። እግሩ የተሰበረ ውሻም ባለቤቱን ሲያይ ይቆላል። እኔ ለሰዎች የምነግራቸው እንዲህ ነው፦ መከታ በደህና ቀኑ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች አባትሽ ይንገሩሽ። በር ላይ መቀበል ይሆናል፣ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ይሆናል፣ የወተት ሻጩ ልጅ ላይ መጮህ ይሆናል። ከሦስቱ ስንቱ ቀረለት? ከዚያ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ውሰጂና ማታ ማታ ምልክት አድርጉበት። ደህና የዋለበት ቀን ክብ፣ የከፋበት ቀን ሰረዝ። ሰው ትናንትን ይረሳል፤ ዛሬ ትንሽ ሥጋ ስለበላ ብቻ «ተሽሎታል» ይላል። ወረቀቱ ላይ ሰረዙ ሲበዛ ግን ሁሉም ያየዋል።

አባትሽ ዝም ያሉት ያልወሰኑ ስለሆነ አይመስለኝም። «እንግደለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው። ይህን ጥያቄ እሺ ብሎ የሚመልስ አባት አላየሁም። «ዛሬ እንዴት አየኸው?» በያቸው።

እናትሽም የሚሉት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሕመሙን እያስታገሱ ራሱ እስኪሄድ መጠበቅም አንድ መንገድ ነው፤ የሚመርጡት አሉ። ግን ሐቁን ልንገርሽ። የኩላሊት ሞት እንደ እንቅልፍ አይደለም። ማቅለሽለሽ አለው፣ ማስመለስ አለው፣ አፍ መቁሰል አለው፣ ለቀናት ይጎትታል። ይህን አውቀው ከወሰኑ ሐኪሙ እየተመላለሰ ያግዛችኋል። የቤት ውስጥ ክብካቤ ሲባል መርፌው የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት፤ ከፊቷ ያለው ማስታመሙ ነው የሚበዛው።

ወንድምሽን እረዳዋለሁ። ነገር ግን ቀጠሮው የመከታ ነው፣ የጥምቀት አይደለም። በዚያ ላይ ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ይዘጋል፤ እንኳን ሐኪም ቁራም አያልፍም። ውሻው በከተራ ማታ ቢብስበት ማንም ሊደርስላችሁ አይችልም። ወንድምሽ ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ካልቻለ በቪዲዮ ይየው።

እስከዚያ የምታደርጉት፦ ጆንያ ውስጥ ገለባ ሞልታችሁ ፍራሽ ሥሩለት። በየሦስት አራት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት፤ ዳሌው የቆሰለው በአንድ ጎን ስለሚተኛ ነው። ቁስሉን በለብታ ውሃና በጨው እጠቡት፣ አድርቁት። ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁ፣ ትል የሚያፈራው እሱ ነው። ሊነሳ ሲፈልግ አሮጌ ጋቢ ከሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ሁለታችሁ ከፍ አድርጉት። ውሃ አትከልክሉት፤ ብዙ ይጠጣል ብላችሁ ብትቀንሱበት የደከመውን ኩላሊት ነው የምትጎዱት። ምግቡን ለብ አድርጉት፣ ሽታው ይስበዋል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ይቅርበት። ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው። እኛ ቤት ውሻ የሚበላው ግን በሙሉ ሽንኩርት ነው፣ ምን ይደረግ።

ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ እንዳትሰጡት። ጨጓራውን ያደማዋል፣ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። የሕመም ማስታገሻውን ሐኪሙ ይዘዝለት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመከታ ሳይሆን ለሌላው አንባቢ። ውሻ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ መንከስ ከጀመረ፣ ያ እርጅና አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ አቅፎ የማስታመም ነገር የለም፤ ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጠበሉም ጸሎቱም ክትባቱን አይከለክልም፤ ክትባቱ ግን አይዘገይም። የነከሰውን ውሻ ደግሞ በድብቅ ገድላችሁ አትቅበሩ። አሥር ቀን ተዘግቶ መታየት አለበት፤ ከሞተም ለሐኪም መነገር አለበት።

ከሜሪላንድ፦

የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሥራ ቦታ አስለቀስሽኝ። እኔ ቀሃ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን የእኛ ውሾች አንድም ቀን አይሞቱም ነበር። ሁልጊዜ «ጠፋ» ነው የሚባለው። አንዱም እንዴት እንደሞተ አላውቅም።

እዚህ አገር ድመቴን ካንሰር ሲይዛት አንዲት ሐኪም እቤቴ ድረስ መጥታልኛለች። ከሕክምና ጣቢያ የማይሠሩ፣ ይህን ብቻ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ ሐኪሞች አሉ። ላፕ ኦፍ ላቭ የሚባለው ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ አሁን ብዙ ግዛት ውስጥ ሐኪሞች አሉት። በዚያው ዓመት የእንስሳት የመጨረሻ ጊዜ ክብካቤ ዓለም አቀፍ ማኅበርም ተቋቁሟል። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ርካሽ አይደለም። የእኔዋ ሐኪም ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወረቀት አስፈረመችኝ። በመጨረሻም የድመቷን መዳፍ ለስላሳ ሸክላ ላይ አትማ ሰጠችኝ። መጀመሪያ «ይሄ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ነበር። አሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ።

እዚህ ሐኪሞቹ የሚሰጡሽ አንድ መመዘኛ አለ፤ አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያወጣችው ነው። ሰባት ነገር ትጠይቂያለሽ፦ ሕመሙ ተይዟል ወይ (አተነፋፈሱም እዚህ ይገባል)፣ ይበላል ወይ፣ በቂ ውሃ ያገኛል ወይ፣ ንጹሕ ነው ወይ፣ ደስታ አለው ወይ፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ደህና ቀኑ ከክፉ ቀኑ ይበልጣል ወይ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ትሰጫለሽ። ከ70ው ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙን መቀጠል ይቻላል ነው የሚሉት። ብቻሽን አትሙዪው። እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ሞልተን ስናስተያየው የእሱ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ለመለየት ስላልፈለግሁ ነጥብ እየጨመርኩላት ነበር። አባትሽም አንድ ይሙሉ፣ እናትሽም።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ስለ መቃብሩ የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም፤ እኔ ልሞክር።

የጎንደር ጅብ ሌሊት የት እንደሚውል፣ ማለቴ የት እንደሚያድር፣ ታውቂያለሽ። ከኮረብታው ወርዶ ቆሻሻ መጣያው ላይ ነው። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ለእሱ እንደተከደነ ሞሰብ ነው፣ ከፍቶ ይበላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሜትር ይቆፈር፤ ቢቻል ከወገብ በላይ። መሬታችን ላዩ ጥቁር አፈር ነው፤ ትንሽ ወርደሽ ድንጋይ ታገኛለሽ። ዶማ ብቻ አይበቃም፣ ዲጅኖ ተበደሩ። አፈሩን ስትመልሱ መሐል ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩበት። ጉድጓዱን ከአንድ ቀን በፊት አስቆፍሩት። ወንድ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ሲቆፍር፣ ውሻው ጨርቅ ተሸፍኖ ሲጠብቅ ማየት ለአባትሽ ከባድ ነው።

ከጉድጓድ ውሃና ከቧንቧ ራቅ ይበል። ወንዝ ዳር የሚጥሉ አሉ፤ ይህ ነውር ነው። አንገረብ የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው። ግቢው ጠባብ ነው ካልሽ ዘመድ ዘንድ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ይዞታ ያለው ሰው አይጠፋም። አስፈቅዱና ቅበሩት።

የላም ሐኪም፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ምክንያት ልጨምርበት። ፔንቶባርቢታል ከሞተ በኋላም ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ያን ሥጋ የበላ ጅብም ውሻም አሞራም ሊሞት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በደንብ ያልተቀበረ ሬሳ በልተው የሞቱ ንስሮች ተመዝግበዋል። እኛ ቄራ አካባቢ የምናያቸው ራሰ በራ ጥንብ አንሳዎች ደግሞ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ናቸው። ጥልቅ ጉድጓድ ለመከታ ክብር ብቻ አይደለም።

ኖራ አስፈላጊ አይደለም፤ ድንጋዩ ይበቃል። ፕላስቲክ ውስጥ አትጠቅልሉት። አሮጌ ጋቢ ወይም ጆንያ ይሁን፣ እሱ ይበሰብሳል።

የማራኪ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ የጻፉትን ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሦስት ነገር ንገረኝ ስለው ወዲያው ነገረኝ፤ ማሰብም አላስፈለገውም። በር ላይ መቀበል፣ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ማሳደድ፣ እና አጥንት ደብቆ መልሶ መርሳት። አንዱም አልቀረለትም።

መመዘኛውን ሦስታችን ሞላን። የእማዬ ከሁላችን ያነሰ ሆነ። ገረመኝ። ለካ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች የምታገላብጠው እሷ ናት። አሁንም «መርፌውን እኔ አላይም» ብላለች፤ እሱን አልጫናትም። ወንድሜን በቪዲዮ አሳየሁት፤ ብዙም ሳይናገር ዘጋው። ማታ ደወለልኝ፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን ቀኑን ቀደም አድርጎታል። ቅዳሜ ይገባል።

ያው የፊተኛው ሐኪም ጋ ደወልኩ። የነገሩኝን ጥያቄዎች በሙሉ ጠየቅሁት። ማደንዘዣ አስቀድሞ እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ እንዲያውም «ማን አስጠናሽ?» ብሎ ሳቀ። ነገ መጥቶ ሕመሙን የሚያስታግስለት ነገር ይሰጠዋል፣ ሰኞ ተመልሶ እናያለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መከታን ትወደዋለች። ትገኝ ወይስ ጎረቤት እንላካት?

የላም ሐኪም፦

እሷን ጠይቋት። «መከታ በጣም ታሟል፣ ሐኪሙ እንዳያመው ያደርገዋል፤ ከዚያ መከታ ይሞታል» ብላችሁ በቀጥታ ንገሯት። «ይተኛል» አትበሏት፤ ማታ መተኛት ትፈራለች። አያለሁ ካለች ከእሷ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ትልቅ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። አልፈልግም ካለች ተሰናብታው ትሂድ። «ጠፋ» ብቻ እንዳትሏት፤ በየመንገዱ ስትፈልገው ትኖራለች።

ሐኪሙም ደህና ሰው ይመስላል። የሰኞውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ጠዋት ጠዋት ላም ጋ ነው የምንውለው።

አራዳ ልጅ፦

ሰላም ዶክተር፣ በዚሁ ልግባ። የእኔ ሴት ውሻ ናት፣ አራት ዓመቷ። ብልቷ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ወጥቶ ደም ያንጠባጥባታል። ሰው ሁሉ ካንሰር ነው፣ አትድንም፣ ገላግላት ይለኛል። ትበላለች፣ ትሮጣለች። እንዲህ ያለ ሐኪም እኔም ቤት ይምጣልኝ ወይ?

የላም ሐኪም፦

ይምጣልህ፣ ግን ለሌላ ሥራ። ሳላያት መማል አልችልም፤ የገለጽከው ግን ውሻ ከውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ይመስላል። ባለቤት አልባ ውሻ በበዛበት ከተማ በጣም የተለመደ ነው። ካንሰር መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ከካንሰሮች ሁሉ በቀላሉ ከሚድኑት አንዱ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር በሳምንት አንዴ ይሰጣታል፣ ለጥቂት ሳምንታት። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፣ ስለዚህ እጁ የለመደ ሐኪም ይስጣት፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ሽንቷንና ትውኪያዋን በጓንት አጽዳ። እስከዚያ እሰራት፤ ከሌላ ውሻ ጋር አትገናኝ፣ ሌላ ውሻም አይላሳት።

አራት ዓመቷ ነው፣ ትሮጣለች ነው ያልከኝ? በል ነገ ደውል። ፎቶም ላክልኝ፣ ግን እባክህ ከመብላቴ በፊት አይሁን።